ያሜ ሲባል የምትቆም ልጅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ሻይና ዳቦ አዘጋጅቶ ሸኘኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ በመስታወት የታሸገ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር። ከአለቆቹ አንዱ፣ ሹመቱ ከጢሙ ቀድሞ የበቀለለት ልጅ፣ የለስላሳ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ «ጋሽ ይመር፣ ከመለያየታችን በፊት እስቲ ትንሽ ጃፓንኛ ያውሩልን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ሰው እጁን እንደ ፊልም አክተር እያወናጨፈ «ሁዋ!» ሲል ሳቁ ባሰ።

«በቀቀን ነኝ እንዴ?» ብዬ ቁጭ አልኩ። ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ወርቄ «ሁለት ቃል ብለህላቸው ብትገላገል ምን ነበረበት? ሰው አስቀየምክ» አለችኝ። እኔ አስቀየምኩ! ጉልበቴን የጨረስኩበትን ሥራ በመጨረሻው ቀን የሠርግ ቤት ጨዋታ ሲያደርጉት ዝም ማለት ነበረብኝ? ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። እነሱ ሊስቁባቸው የፈለጉት ቃላት የአንዲት ልጅ ዕጣ የተቆረጠባቸው ናቸው። ከሚስቁት መካከል ይህን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከቃላቱ ልጀምር። ጃፓንኛ አልችልም። በጃፓንኛ ውሃ ስጡኝ ብዬ ልለምን ብነሣ በጥም እሞታለሁ። የማውቀው አንድ ጀማሪ የካራቴ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊይዛቸው የሚገባውን ቃላት ብቻ ነው። «ሐጂሜ» ጀምር ማለት ነው። «ያሜ» አቁም ማለት ነው። «ሬይ» ከልምምድ በፊትና በኋላ ለመምህርም ለባላጋራም የሚሰጥ የአክብሮት ሰላምታ ነው። «ኪባ ዳቺ» በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ሁለት እግርን ከፍቶ ጉልበትን ሰብሮ መቆም ነው። «ማይ ጌሪ» ፊት ለፊት የሚሰነዘር እርግጫ፣ «ማዋሺ ጌሪ» ደግሞ ከጎን ዞሮ የሚመጣው ነው። «ለምን በአማርኛ አይባሉም?» የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ይባሉ፣ ማን ከለከለ! ግን የመካነ ሰላም ልጅ ነገ ሌላ አገር ሄዶ በማያውቀው መምህር ፊት ሲቆም፣ እኩል ቃል ሰምቶ እኩል እንዲቆም ነው የኛ ድካም። ዛሬ ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ እያየ አሠልጣኝ ነኝ የሚለው ሁሉ ይህን ቢሰማ ደግ ነበር። ተማሪዎቹ እርግጫ ያውቃሉ፤ ያሜ ስትላቸው ግን «ምን አሉ?» ብለው ይጠይቁሃል።

እኔን ያስተማሩኝ ጋሽ ጥላዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲሠሩ ነው ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ካራቴ የተማሩት። መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ተቀንሰው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ መካነ ሰላም ተመለሱና ገበያው ዳር በረንዳ ተከራይተው የስፌት መኪናቸውን ዘረጉ። ከሥራ በኋላ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ እኛን ይሰበስቡናል። የምንለብሰውን ነጭ ልብስ ራሳቸው ከአቡጀዲ ሰፍተው ነው ያለበሱን። ኮሌታቸው ላይ ሁልጊዜ መርፌ ተሰክቶ አይጠፋም፤ ሜትራቸውም ከአንገታቸው አይወርድም። እግርህን አጥብበህ ከቆምክ አይቆጡም፤ ሜትሩን አውርደው በሁለት እግሮችህ መካከል ይዘረጉና በስፌት ጠመኔ መሬቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። «እዚህ። ሱሪም ሲጠብ ይቀደዳል፣ ሰውም ሲጠብ ይወድቃል» ይላሉ። አስተካክለህ ስትቆም ደግሞ ወገብህን በሁለት ጣታቸው ጫን አድርገው ያዩታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ተማሪ ይለካሉ።

ከሁሉም በላይ የሚይዙት ግን መቆምን ነበር። ቡጢ ሳያስተምሩን ስንትና ስንት ጊዜ አስኬደው አቆሙን። እየሮጥክ ያሜ ይላሉ፣ ቆሎ ወደ አፍህ ስትወረውር ያሜ ይላሉ፣ ውሃ እየጠጣህ ያሜ ይላሉ። የተንቀሳቀሰ እንደገና ይጀምራል። እኔ ነገሩ አልገባኝ ብሎ አንድ ቀን ከያሜ በኋላ አንድ ቡጢ አስከትዬ ጓደኛዬን ደረቱ ላይ መታሁት። ጋሽ ጥላዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ይመር፣ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ አባትህ ምን ይላል?»

«በሕግ አምላክ ይላል።»

«የተባለውስ ሰውዬ?»

«ይቆማላ!»

«ዱላውን አንሥቶ ከሆነስ?»

«እንዳነሣ ይቆማል።»

«ለምን? አባትህ ጠመንጃ ይዟል?»

«ኧረ አልያዘም።»

«ታዲያ ያሜ ማለት እሱ ነው። በል ከመጀመሪያው ጀምር» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልምምዱ ላይ አንድ ጊዜ ያሜ፣ አንድ ጊዜ በሕግ አምላክ ይሉን ጀመር። በየትኛውም ብንጠራ ድርቅ ብለን እንድንቀር ነው። የወሎ ቦረና ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር የሰማውን ቃል ከጃፓኑ ቃል ጎን አስቀመጡት፤ ጃፓኑ በአንድ ሳምንት ገባን።

ለሬይም እንዲሁ የአገር አቻ ነው ያገኙለት። ተማሪው ለመምህሩ ጎንበስ ማለቱ በከተማው ሲወራ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ወላጅ ባንድ ላይ መጣ። «ስግደት ለፈጣሪ ነው፤ ለጃፓን አምልኮ ልጆቻችንን አንሰጥም» አሉ። ጋሽ ጥላዬ አልተከራከሩም። «እናንተ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አሳዩ። «እሱው ነው፣ ሌላ የለውም» አሏቸው። በኛ ክፍል ሬይ ሲባል እጅ ደረት ላይ ይሄዳል። አንድም ወላጅ ልጁን አላስቀረም።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው በስፖርት ባለሙያነት የተቀጠርኩት። መጀመሪያ የተመደብኩት ወግዲ ነው። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ስፖርት ማለት ኳስ ብቻ ይመስለው ነበር፤ አንድ የተነፈሰ ኳስ ሰጥቶ «አንቀሳቅሳቸው» አለኝ። ቀጥሎ ደጎሎ ሄድኩ። የደጎሎው አለቃ ከገብስ አውድማው ጀርባ ልጆቹን ሳሠለጥን አይቶ ቢሮ ጠራኝና «ለማን ነው ጦር የምታዘጋጀው?» ብሎ ግማሽ ቀን አቆመኝ። ደመወዙ የሚነገር አይደለም፤ አበሉም ቢሆን መጣ ሲሉት ይቀራል። ብቻ በሁለቱም ቦታ ጥቂት ልጆች ቃላቱን ይዘው ቀሩ። የጋሽ ጥላዬ ዓይን ደክሞ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው እኔ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩና ክፍሉን አስረከቡኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቄሱም ሼሁም ነበሩ።

ዘምዘም ወደ ክፍሉ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ከቀሚሷ ሥር ረጅም ሱሪ ለብሳ፣ በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ሴት ትቀበላላችሁ?» አለችኝ። ተቀበልኳት። ያችን ልጅ የመሰለ ተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ማይ ጌሪ ስትሰነዝር መጀመሪያ ጉልበቷ እስከ ደረቷ ይወጣል፤ እግሯ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎቹ እግራቸውን ከመሬት ያወናጭፋሉ፣ የሚመጣው ከሩቅ ይታያል። የሷ አይታይም። መልሳ ስትሰበስበው ደግሞ ከላከችበት ይፈጥናል። ዋናው ነገር ግን መቆሟ ነው። ያሜ ስትላት እጇ ከጓደኛዋ ፊት በጣት ወርድ ርቀት ላይ ቀጥ ይላል። አትንቀጠቀጥም። ጋሽ ጥላዬ ይህችን ሳያዩ መሞታቸው ቆጨኝ።

አባቷ ጋሽ እንድሪስ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በአካባቢው የታወቁ አስታራቂም ናቸው። ገበያ ላይ ጠብ ሲነሣ ሰው ፖሊስ አይጠራም፤ ጋሽ እንድሪስን ይጠራል። ድምፃቸው ወፍራም ነው። በሕግ አምላክ ሲሉ አህያው ሳይቀር የሚቆም ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤትም ችግር ይገባል። ያን ጊዜ ከየቤቱ ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። የሄደች ልጅ ያለችበት ቤት ቆርቆሮው ያበራል፣ የሌለችበት ሣሩ ያፈሳል። የጋሽ እንድሪስ መሬት ሁለት ክረምት በተከታታይ በረዶ መታው። ሴቶቹን የሚልክ አንድ ደላላ የዘምዘምን ፓስፖርት አስወጥቶ ነበር። ይህን ስሰማ እቤታቸው ሄድኩ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይችን ልጅ አይላኩብኝ» አልኳቸው። «አቀስታ ላይ የወረዳዎች ውድድር አለ። ያሸነፈች ወደ ክልሉ ማሠልጠኛ ትገባለች። ቀለቧና መኝታዋ ተችሎ ትማራለች፤ ኋላም አሠልጣኝ ሆና ትቀጠራለች።»

«ይመር፣ ወላሂ ወድጄ አይደለም» አሉኝ። «ልጅ ባሕር አሻግሮ በሰላም የሚተኛ አባት አለ? ግን ስድስት ነፍስ ነው እዚህ ቤት።»

«አውቃለሁ።»

«ለመሆኑ ትችላለች?»

«እንደሷ የሚችል የለም።»

መሬቱን በዱላቸው ጫፍ ጫሩት። «በጀ። ደላላውን እስከ ውድድሩ አቆየዋለሁ። ካለፈች ፓስፖርቱን ወስዶ ይቅደደው። ካላለፈች የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሪያድ ትሄዳለች። እኔም አቀስታ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» አሉኝ። ዘምዘም በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። በማግስቱ ልምምድ ላይ ከሁሉም ቀድማ ተገኘች።

አቀስታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ውድድሩ የተደረገበት አዳራሽ በሰው ታፍኖ ስለነበረ ግን ሙቀቱ ደግ ነበር። ከየወረዳው የመጣ ገበሬ፣ ተማሪ፣ ነጋዴ ሁሉ ነበረበት። ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ። ካራቴ አይተው አያውቁም። የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች ዘምዘም በቀላሉ አለፈች፤ ለመጨረሻው ቀረበች። ባላጋራዋ ከሌላ ወረዳ የመጣች ጠንካራ ልጅ ነበረች። እሷንም ያሠለጠናት ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው።

ዳኛው ሐጂሜ አለ። ዘምዘም እየመራች ነበር። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የባላጋራዋ ቡጢ አፍንጫዋን ነካትና ደም መጣ። ይህ በግጥሚያ የሚያጋጥም ነው፤ ዘምዘም ራሷ በእጅጌዋ ጠራርጋ ቀጠለች። አባቷ ግን ያዩት ሌላ ነው። ያዩት ልጃቸው ደሟ እየፈሰሰ ሰው ሲመታት፣ ያን ሁሉ ሕዝብም ተቀምጦ ሲመለከት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ብድግ አሉ።

«በሕግ አምላክ!»

አዳራሹ ቀጥ አለ። ጮኾ ሲደግፍ የነበረው ዝም አለ። ሻይ የሚያዞረው ሰው ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ። ዘምዘምም ቆመች። ግማሽ የሄደ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ፤ ፊቷ ወደ አባቷ ድምፅ ዞረ። የቦረና ልጅ ናት፣ የጋሽ እንድሪስ ልጅ ናት፣ የኛ ክፍል ተማሪ ናት። ምን ልታደርግ ኖሯል?

ባላጋራዋ ዳኛውን አየች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቱ ተደናግራ ዳኛውን አየች። ዳኛው ያን ጊዜ ያሜ ማለት ነበረበት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከውጭ ረብሻ ሲነሣ ዳኛ ያስቆማል፣ ግጥሚያዋን ትታ በቆመች ተጋጣሚ ላይ የተሰነዘረ ምት ነጥብ የለውም፣ እንዲያውም ያስቀጣል። ዳኛው አፉን አልከፈተም። ዳኛው ዝም ካለ ግጥሚያው አለ ማለት ነውና ልጅቱ የተማረችውን ሠራች። ማዋሺ ጌሪ ከጎን ዞሮ መጥቶ ዘምዘምን ጆሮ ግንዷ ላይ አገኛት። ወደቀች። ቅንድቧ ወለሉ ላይ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ዳኛው «ያሜ» አለ! ሬሳ ከወጣ በኋላ በር እንደሚዘጋ ሰው። ወዲያው ባንዲራውን አንሥቶ ለባላጋራዋ ሙሉ ነጥብ ሰጠ፤ ዘምዘም ተሸነፈች ተባለ።

ሮጬ የውድድሩ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ደረስኩ። ሰብሳቢው ኮቱ ላይ ባጅ የለጠፈ፣ እጁን አጣምሮ የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

«ልጅቱ ቆማለች እኮ! እጇ አየር ላይ ቀርቶ ነበር!» አልኩ።

«ማን ቁሚ አላት?» አለኝ።

«ሰውየው በሕግ አምላክ ሲሉ አልሰሙም?»

«በሕግ አምላክ የሚባል ቃል በካራቴ ደንብ ውስጥ የለም።»

«በአገሩስ ውስጥ?»

«አቶ ይመር፣ እኛ እዚህ ዘመናዊ ስፖርት ነው የምንመራው። ኋላ ቀር ልማድ ከዘመናዊ ነገር ጋር ቀላቅለው ያስተማሩ እርስዎ ነዎት። ሲጀመርም ሬያችሁን አይተናል፤ እጅ ደረት ላይ አድርጎ ሬይ የት አገር አለ?»

«የጣሰው ዳኛው ነው። ደንቡን አምጣና አብረን እናንብበው!»

«ውሳኔ ተወስኗል» አለና ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ደንቡን አላመጣም። አብረውት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ጠረጴዛውን ያዩ ነበር፤ አንደኛው ያ በሽኝቴ ቀን አብሮ የሳቀው ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

የዘምዘምን ቅንድብ ጤና ጣቢያ አሰፍተን በተገኘ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። ብዙ መንገድ ሄድን። በኋላ ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና «እኔ ነኝ የመታኋት። ልጄን በገዛ አፌ መታኋት» አሉ።

ዘምዘም ራሷ በፋሻ እንደታሰረ እጃቸውን ያዘች። «አብሽር አባ። አንቱ በሕግ አምላክ ብለው እኔ ሳልቆም ብገኝስ? በምን ዓይኔ አይዎት ነበር?» አለቻቸው።

ጋሽ እንድሪስ አለቀሱ። እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ ሐዘን አይደለም። አባት ልጁን ከደም ሊያድን በአገሩ ሕግ ጮኸ፣ ልጅ የአባቷን ቃል ሰምታ ቆመች፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሥራውን ያልሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ተቀጪዎቹ ግን እነዚህ ሁለቱ ሆኑ። ይህ ፍርድ ነው?

ዝም አላልኩም። አቤቱታ አቀረብኩ። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ አመላለሱኝ፤ «ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ከበዓል በኋላ ይምጡ»፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።» ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ይባስ ብሎ ግምገማ ላይ አቆሙኝ። አቀስታ ላይ ጠረጴዛውን ያይ የነበረው ያው ሰው አሁን ዓይኑን አቅንቶ «አቶ ይመር የአመለካከት ችግር አለባቸው፤ ከኮሚቴ ጋር ተግባብተው አይሠሩም» አለ። ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በሕግ አምላክን ከልምምዱ አውጣ ተባልኩ። አላወጣም አልኩ። የደረጃ እድገቴ እዚያው ቆመ፤ ይቁም።

ጋሽ እንድሪስን ደላላው አላስቀመጣቸውም። ቃል ቃል ነውና ከመስከረም በፊት ዘምዘም ሄደች። ከወርቄ ጋር መነኸሪያ ልንሸኛት ወጣን። ፋሻው ወርዶ ቅንድቧ ላይ ጠባሳው ቀርቷል። አባቷ ዱዓ አደረጉላት፣ እናቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። ዘምዘም እኔ ዘንድ ስትደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ዝቅ አደረገች። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ወርቄ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ያይሃል» እስክትለኝ እንባዬ እየፈሰሰ አላወቅሁም ነበር።

ዓመት አልሞላም። አንድ ቀን ክፍሉ በር ላይ ነጭ መኪና ቆመ። ከውስጡ የወረደው ያ የአቀስታው ሰብሳቢ ነው፤ ከሱ ጋር አንድ ወጣት ባለሙያ አለ። ሰብሳቢው ቂምም የሌለበት መስሎ ጨበጠኝ።

«አቶ ይመር፣ ደስ የሚል ዜና ይዘናል። የዚያች ልጅ ጉዳይ እንደገና ታይቷል። ዳኛው ስህተት እንደፈጸመ ተረጋግጧል። ለክልሉ ውድድር ቡድኑ ውስጥ ትገባለች። ይኸው ቱታዋን ሳይቀር ይዘንላት መጥተናል» አለና አዲስ ሰማያዊ ቱታ ከነላስቲኩ አሳየኝ።

ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ለምን እኔ ልንገረው? ለምን እዚህ ክፍሉ በር ላይ በሁለት ቃል ይገላገል? «አባቷን ራሳችሁ ንገሯቸው፤ ቤቱን አሳያችኋለሁ» ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ጋሽ እንድሪስ እንግዳ አክባሪ ናቸው። «መርሐባ፣ መርሐባ፣ ግቡ» ብለው አስገቡን፣ በርኖስ አንጥፈው አስቀመጡን። ወተት መጣ። እናትየዋ ወደ ጓዳ ገብታ ምግብ ስታቀራርብ ይሰማል። ሰብሳቢው ወተቱን እየጠጣ የኮሚቴውን ትጋት፣ አቤቱታው እንዴት በጥልቀት እንደ ታየ፣ ስህተትን ማረም እንዴት ያለ ባሕል እንደሆነ በሰፊው አስረዳ። ጋሽ እንድሪስ አንድም ጊዜ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ቱታውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

አልተቀበሉትም። «ልጄማ ሄደች» አሉ። «ሪያድ ናት፤ ሰው ቤት ታጥባለች። አሁን አሁን ስልክም አያስነኳትም።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ትክ ብዬ አየሁት።

«እናንተ ፍርዳችሁን መልሳችኋል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ልጄንስ ማን ይመልስልኛል?»

ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ ቱታውን ጉልበቱ ላይ ያሻሸው ጀመር። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ አዘንኩለት። ይህ ሰው አሁን ገባው፣ አሁን አፈረ፣ ይቅርታ ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ የዘምዘም ታናሽ ራቢያ ጀሪካን አዝላ ከውጭ ገባች። ሰብሳቢው ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«እሷስ? እህቷ ናት?» አለ። «ለኛ እኮ ዋናው ነገር ከዚህ ወረዳ አንዲት ሴት ቡድኑ ውስጥ መገኘቷ ነው። ቱታው ልኳ ይመስላል።»

ጋሽ እንድሪስ ተነሡና ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ምግቡ ገና አልቀረበም ነበር። ወሎ ተወልጄ አርጅቻለሁ፤ እንግዳ ሳይበላ ከቤት ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።